የኪስ ካሜራችሁ ፎቶ ሲበላሽ፦ ጥፋቱን ደረጃ በደረጃ ፈልጎ ማግኛ

«ካሜራዬ ፎቶው ብዥ ማለት ጀምሯል፤ ሌንሱ ሳይበላሽ አይቀርም።» ይህን የሚል ሰው ብዙ ጊዜ ቀጥሎ የሚያደርገው አንድ ነው። ሜኑ ውስጥ ገብቶ ያገኘውን ሁሉ ይነካካል። አምስት ነገር በአንዴ ይቀይራል። ፎቶው ቢሻሻል የትኛው እንደረዳው አያውቅም። ቢብስበትም የትኛው እንዳባሰው አያውቅም። መጨረሻ ላይ ደህናውን ካሜራ መሳቢያ ውስጥ ይጥለዋል።

ይህ መመሪያ ሌንሱ ለማይፈታ፣ ኪስ ውስጥ ለሚገባ ትንሽ ዲጂታል ካሜራ ነው። አካሄዱም ይህ ነው፦ መጀመሪያ የተበላሸውን ፎቶ በደንብ እዩ። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ። ከዚያ እንደገና አንሱ። ጥፋቱ ፎቶው ላይ ተጽፎ አለ፤ የሚያስፈልገው ማንበብ ብቻ ነው።

ዝግጅት

ሥራውን ቀን ላይ፣ መስኮት አጠገብ ጀምሩ። እነዚህንም አሰናዱ፦

- ሙሉ ቻርጅ የተደረገ ባትሪ። ባትሪ ሲደክም ፍላሹ ቶሎ አይሞላም። ሌንሱም ሲወጣና ሲገባ መሃል ላይ ሊቆም ይችላል።
- ንጹሕ የመነጽር መጥረጊያ ጨርቅ።
- በእጅ እየተጨመቀ አየር የሚነፋ ጎማ። ከሌለ፣ ምንም ነገር ያልነካው ለስላሳ ብሩሽ።
- ደቃቅ ጽሑፍ የሞላበት የጋዜጣ ገጽ እና ፕላስተር።
- ፎቶውን አስፍታችሁ የምታዩበት ኮምፒውተር።
- ወረቀትና እስክሪብቶ።

ማስጠንቀቂያ፦ ካርዱ ላይ ያለውን ፎቶ ሁሉ አሁኑኑ ኮምፒውተር ላይ ገልብጡ። መገልበጡን ደግሞ ጥቂቶቹን ከፍታችሁ አረጋግጡ። ኋላ ላይ ካርዱን ፎርማት ልናደርገው እንችላለን፤ ያኔ ያልተገለበጠ ፎቶ ይጠፋል።

ደረጃ 1፦ ጥፋቱ የካሜራው መሆኑን አረጋግጡ

1. ፎቶውን ከካርዱ በተገለበጠው ፋይል ላይ ክፈቱት። በቴሌግራም የተላከላችሁን ኮፒ አትመርምሩ። ቴሌግራም ፎቶን እንደ ፎቶ ሲልከው ያሳንሰዋል፣ ይጨምቀዋልም። ዋናውን ጥራት ጠብቆ እንዲሄድ ከፈለጋችሁ እንደ ፋይል ላኩት።

2. ፎቶውን 100 በመቶ አስፍታችሁ እዩ። የካሜራው ስክሪን ትንሽ ስለሆነ ብዥታን ይደብቃል። አንዳንዴ ደግሞ በተቃራኒው፣ ስክሪኑ ስለቆሸሸ ወይም ብርሃኑ ስለተቀነሰ ደህናውን ፎቶ መጥፎ ያስመስለዋል።

3. የፋይሉን ዝርዝር መረጃ ክፈቱ። የፎቶው መጠን በፒክስል ተጽፏል። 640 በ480 ካላችሁ ችግሩን አገኛችሁት፤ ካሜራው በጣም ትንሽ መጠን ላይ ተቀምጧል። የ8 ሜጋፒክስል ካሜራ ሙሉ መጠን 3264 በ2448 አካባቢ ነው። 10 በ15 ሴንቲ ሜትር የሆነ ፎቶ በደንብ አሳትማለሁ ካላችሁ 1800 በ1200 ገደማ ያስፈልጋችኋል።

4. እዚያው ገጽ ላይ አይኤስኦው (ካሜራው ብርሃንን የሚያጎላበት መጠን) ስንት እንደነበረ፣ የሹተር ፍጥነቱ (ካሜራው ብርሃን የሚያስገባበት የሰከንድ ክፍልፋይ) ስንት እንደነበረና ፍላሽ በርቶ እንደነበር ታገኛላችሁ። ሦስቱንም ወረቀቱ ላይ ጻፉ። ከዚህ በኋላ ደጋግመን እንመለስባቸዋለን።

5. ካሜራው ድሮ ያነሳውን አንድ ፎቶ ከጎኑ ክፈቱ። ድሮም እንዲሁ ከነበረ አዲስ ብልሽት አልመጣም ማለት ነው። ካሜራው የሚችለው እስከዚያ ድረስ ሊሆን ይችላል።

ደረጃ 2፦ ጥፋቱን ለዩ

«ጥራት የለውም» የሚል መልስ አይበቃም። ፎቶውን አስፍታችሁ ከሚከተሉት የትኛውን እንደሚመስል ወስኑ።

- ሁሉም ነገር ብዥ ብሏል፤ መብራቶችና ጠርዞች ወደ አንድ አቅጣጫ ተጎትተዋል። የእጅ መንቀጥቀጥ ነው፤ ደረጃ 6።
- ግድግዳውና ወንበሩ ጥርት ብለዋል፣ ሰውየው ብቻ ብዥ ብሏል። ሰውየው ተንቀሳቅሷል፤ ደረጃ 6።
- ሰውየው ብዥ ብሏል፣ ከኋላው ያለው ዛፍ ግን ጥርት ብሏል። ፎከሱ የተሳሳተ ቦታ ይዟል፤ ደረጃ 6።
- ፎቶው ጭጋግ የለበሰ ይመስላል፤ በመብራት ዙሪያ ብርሃን ይፈሳል። ሌንሱ ቆሽሿል፤ ደረጃ 3።
- አሸዋ የተነሰነሰበት ይመስላል። ኖይዝ ነው፤ ደረጃ 7።
- ጨልሟል፣ ወይም ነጥቶ ተቃጥሏል፣ ወይም ቢጫና ሰማያዊ ሆኗል። ደረጃ 8።
- ነጠብጣብ፣ መስመር ወይም ግማሹ ግራጫ የሆነ ፎቶ። ደረጃ 9።

ሁለት ጥፋት አንድ ላይ ሊኖር ይችላል። ቢሆንም ደረጃ 3ን፣ 4ንና 5ን ማንም አይዝለል። ብዙዎች እነዚህን ዘለው ነው የሚደክሙት።

ደረጃ 3፦ ሌንሱን አጽዱ

አንዲት ጓደኛዬ ካሜራዋን ይዛ መጣች። አዲስ ልትገዛ ወስናለች። ፎቶዎቿ ሁሉ ወተት የፈሰሰባቸው ይመስላሉ። ካሜራውን አብርቼ ሌንሱን መስኮቱ አቅጣጫ ጋደል አደረግኩት። ልክ መሃሉ ላይ የአንድ ትንሽ ልጅ የጣት አሻራ ቁጭ ብሏል፤ መስመሮቹ ሳይቀሩ ይቆጠራሉ። ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። ካሜራው እስካሁን እየሠራ ነው።

1. ካሜራውን አብሩ፣ ሌንሱ ይውጣ። ብዙ ካሜራ ላይ የሌንሱ መክደኛ የሚከፈተው ሲበራ ብቻ ነው። በራሱ ጊዜ እንዳይዘጋባችሁ ሜኑ ውስጥ ራሱን የሚያጠፋበትን ጊዜ አርዝሙት፣ ካልሆነ ቶሎ ቶሎ ሥሩ።
2. ሌንሱን ወደ መሬት ድፉት። በጎማው አየር ንፉበት፤ አሸዋና አቧራው ወደ ታች ይረግፋል። በአፋችሁ አትንፉ፣ ምራቅ ያርፍበታል።
3. ጨርቁን በጣታችሁ ጫፍ ጠቅልሉ። ከመሃል ጀምራችሁ እየዞራችሁ ወደ ጠርዝ ጥረጉ። አትጫኑ።
4. የጣት ቅባቱ ካልለቀቀ ሌንሱ ላይ በስሱ ተንፍሳችሁ እንፋሎት አሲዙትና በጨርቁ ደረቅ ጎን ድገሙት። የሌንስ ማጽጃ ፈሳሽ ካላችሁ አንድ ጠብታ ጨርቁ ላይ አድርጉ።
5. ሌንሱን ብርሃን ላይ ጋደል አድርጋችሁ እዩ። የፍላሹን መስታወትም አትርሱ።

ማስጠንቀቂያ፦ ፈሳሽ በቀጥታ ሌንሱ ላይ አትርጩ፤ በጠርዙ በኩል ወደ ውስጥ ይገባል። በሸሚዝ ጫፍ፣ በሶፍትና በእጅ ማጽጃ አልኮል አትጥረጉ። ከላይ ተራ ቁጥር 2ን ሳትሠሩ ወደ ተራ ቁጥር 3 አትለፉ፤ አሸዋ እንዳለ ከጠረጋችሁት ሌንሱን የምትጭሩት እናንተው ናችሁ። የወጣውን የሌንስ ቱቦ አትግፉ፣ አታዙሩም።

ካልተሳካ፦ ሌንሱ ላይ ጭጋግ የያዘው ከቅዝቃዜ ወደ ሙቀት ስለገባ ሊሆን ይችላል። ከመጥረግ ይልቅ መጠበቅ ይሻላል፤ ከ30 ደቂቃ እስከ 1 ሰዓት ባለበት ተዉት። ለሚቀጥለው ጊዜ ካሜራውን ገና ቀዝቃዛው ቦታ ላይ እያላችሁ ፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ ዝጉትና ይዛችሁ ግቡ። ጤዛው ከረጢቱ ላይ እንጂ ካሜራው ላይ አያርፍም። ጭጋጉ ሰዓታት ቆይቶም ካልጠፋ፣ ወይም ውስጥ የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር ካያችሁ፣ ሌንሱ ውስጥ ሻጋታ ወይም እርጥበት አለ። ይህ ከውጭ አይጸዳም፤ ደረጃ 10ን ተመልከቱ።

ደረጃ 4፦ ሴቲንጉን ወደ መነሻው መልሱ

የሆነ ሰው የነካው ሴቲንግ ለወራት ተደብቆ ሊቆይ ይችላል። እኔ አንድ ምሽት ቤት ውስጥ ሳነሳ አይኤስኦውን 1600 ላይ አድርጌ ረሳሁት። በማግስቱ ጠራራ ፀሐይ ላይ ቀኑን ሙሉ አነሳሁ። ሰማዩ ሁሉ አሸዋ ሆኖ ወጣ። ያ ቀን ተመልሶ አይነሳም። ከዚያ ወዲህ ካሜራ ሳነሳ መጀመሪያ የማየው ያንን ቁጥር ነው።

1. ሜኑ ውስጥ «ሪሴት» የሚለውን ፈልጋችሁ አረጋግጡ። ቀኑንና ቋንቋውን ሊያጠፋው ስለሚችል መልሳችሁ ሙሉት።
2. የፎቶ መጠኑን ትልቁ ላይ፣ የጥራት ደረጃውን ደግሞ «ፋይን» ወይም «ሱፐር ፋይን» ላይ አድርጉ። ሁለቱ የተለያዩ ናቸው። መጠን ማለት የፒክስል ብዛት ነው፤ ጥራት ማለት ፋይሉ ምን ያህል እንደሚጨመቅ ነው። አንዱን ብቻ ያስተካከለ ሰው «ያው ነው» ብሎ ተስፋ ይቆርጣል።
3. ዲጂታል ዙምን አጥፉ። ዲጂታል ዙም የሚያደርገው ፎቶውን ቆርጦ መለጠጥ ነው። በ12 ሜጋፒክስል ካሜራ 4 እጥፍ ዲጂታል ዙም ስትጠቀሙ የሚቀራችሁ እውነተኛ መረጃ 0.75 ሜጋፒክስል ብቻ ነው። በሌንሱ የሚሠራው ኦፕቲካል ዙም ግን አይጎዳም።
4. ዋይት ባላንሱን፣ ማለትም የቀለም ማስተካከያውን፣ ኦቶ ላይ አድርጉ። የብርሃን ማካካሻውን፣ ማለትም የመደመርና የመቀነስ ምልክት ያለበትን፣ 0 ላይ መልሱ።
5. የአበባ ምልክቱን፣ ማለትም በጣም ቅርብ ለሆነ ነገር የሚያገለግለውን ማክሮ፣ አጥፉ። ለሩቅ ነገር የሚያገለግለውን የተራራ ምልክትም እንዲሁ።
6. ጥቁርና ነጭ፣ «ቪቪድ»፣ «ሶፍት» የመሳሰሉ የቀለም ማሳመሪያዎችን አጥፉ።
7. የመንቀጥቀጥ መከላከያውን አብሩ።
8. ካርዱን እዚያው ካሜራው ላይ ፎርማት አድርጉ፤ ፎቶዎቻችሁን ገልብጣችሁ ከሆነ ብቻ።

ካልተሳካ፦ «ሪሴት» ብላችሁም ሴቲንጉ ካልተለወጠ ካሜራው ላይ ያለውን የሞድ መምረጫ ጎማ እዩ። የትዕይንት ሞድ ላይ ከሆነ፣ ለምሳሌ ርችት ወይም ሌሊት ላይ፣ ካሜራው በራሱ ሕግ ነው የሚሄደው። ጎማውን ወደ ፕሮግራም ሞድ፣ ፒ የሚለው ፊደል ላይ አዙሩ። ኦቶ ላይ ብዙ ሜኑ ስለሚቆለፍ ለፍተሻ ፒ ይመረጣል።

ደረጃ 5፦ የፈተና ፎቶ አንሱ

ይህ የመመሪያው ዋና ደረጃ ነው። ጥፋቱ የካሜራው ነው ወይስ የእጅና የብርሃን የሚለውን ጥያቄ የሚለየው እሱ ነው።

1. የጋዜጣውን ገጽ ግድግዳ ላይ በፕላስተር ለጥፉ። አራቱም ጥግ ልጥፍ ይበል፤ ከተጣጠፈ ውጤቱ ያሳስታችኋል።
2. ካሜራውን 1 ሜትር ገደማ ርቀት ላይ ጠረጴዛ ወይም የተደራረበ መጽሐፍ ላይ አስቀምጡ። ልክ ከጋዜጣው ፊት ለፊት ይሁን፤ ጎን ለጎን አይጋደል።
3. ዙሙን ወደ ሰፊው ጫፍ መልሱ። ፍላሹን አጥፉ። አይኤስኦውን ዝቅተኛው ላይ፣ 80 ወይም 100 ላይ፣ አድርጉ።
4. የሰዓት ምልክት ያለበትን ታይመር 2 ሰከንድ ላይ አድርጉ። 2 ከሌለው 10ን ተጠቀሙ።
5. ማንሻውን ግማሽ ድረስ ተጫኑ። ስክሪኑ ላይ ፎከስ መያዙን የሚያሳየው አረንጓዴ ሳጥን እስኪመጣ ጠብቁ። ከዚያ እስከ መጨረሻው ተጫኑና እጃችሁን አንሱ።
6. ሦስት ፎቶ አንሱ። ከዚያ ዙሙን ሙሉ ወደ ፊት አውጡ፣ ካሜራውን ወደ ኋላ አርቁና ሦስት ድገሙ።
7. ስድስቱንም ኮምፒውተር ላይ 100 በመቶ አስፍታችሁ መሃሉንና አራቱን ጥጎች እዩ።

ውጤቱን እንዲህ አንብቡት

ሁሉም ጥርት ካለ ካሜራችሁ ጤነኛ ነው። እፎይ በሉ። ችግሩ ያለው አያያዝ፣ ፎከስ ወይም ብርሃን ላይ ነው፤ ወደ ደረጃ 6 እለፉ።

መሃሉ ጥርት ብሎ አራቱም ጥግ ትንሽ ከላላ የትንሽ ሌንስ ባሕርይ ነው፤ አትጨነቁ። አንደኛው ጎን ብቻ ብዥ ካለ ግን ካሜራውን ተገልብጦ እንዲቀመጥ አድርጋችሁ እንደገና አንሱ። ብዥታው አሁንም ካሜራው ላይ በዚያው በኩል ከመጣ፣ ማለትም ጋዜጣው ላይ ወደ ሌላው ጎን ከዞረ፣ ሌንሱ ከመስመሩ ወጥቷል። ወድቆ የሚያውቅ ካሜራ ላይ ይህ ያጋጥማል። ብዥታው እዚያው የጋዜጣው ጎን ላይ ከቀረ ጋዜጣው ወይም አቀማመጡ ነው የተጋደለው።

ሰፊው ላይ ጥርት ብሎ ዙም ላይ ብቻ ከከፋ፣ ዙሙን ግማሽ ላይ አድርጋችሁ ፈትኑ። የት ላይ መበላሸት እንደሚጀምር እወቁና ከዚያ በላይ አትሂዱ። ሁሉም ብዥ ካለና አረንጓዴው ሳጥን ጭራሽ ካልመጣ ፎከሱ ተበላሽቷል፤ ደረጃ 10።

ደረጃ 6፦ ብዥታን ማከም

ፎከሱ የተሳሳተ ቦታ ሲይዝ

ብዙ ሰው ማንሻውን በአንድ ትንፋሽ ጥርቅም አድርጎ ይጫነዋል። ካሜራው ፎከስ ለመፈለግ ጊዜ አያገኝም። ትክክለኛው አካሄድ ይህ ነው፦

1. ፎከሱን «ሴንተር»፣ ማለትም መሃል ላይ ብቻ፣ አድርጉ።
2. መሃሉን ሳጥን ሰውየው ዐይን ላይ አድርጉ።
3. ማንሻውን ግማሽ ድረስ ተጫኑና ያዙት። ጣታችሁ ትንሽ መቋቋም ይሰማዋል፤ እዚያ ላይ ቁሙ።
4. አረንጓዴው ሳጥን ሲመጣ፣ ጣታችሁን ሳትለቁ ካሜራውን ወደፈለጋችሁት አቅጣጫ አዙሩ።
5. እስከ መጨረሻው ተጫኑ።

ሳጥኑ ቀይ ወይም ቢጫ ሆኖ ብልጭ ድርግም ካለ ፎከስ አልያዘም። ልቀቁት። ባዶ ነጭ ግድግዳ፣ ጨለማ ክፍል፣ መስታወትና የሽቦ አጥር ካሜራን ያደናግራሉ። በዚያው ርቀት ላይ ያለ ጠርዝ ነገር፣ የበር ክፈፍ ወይም የሸሚዝ ኮሌታ፣ ላይ ፎከስ አስይዙና ወደ ፈለጋችሁት ተመለሱ።

ርቀቱም አለ። ብዙ የኪስ ካሜራ ያለ ማክሮ ከ30 እስከ 50 ሴንቲ ሜትር በታች ፎከስ አይዝም። ማክሮ ሲበራ ከ5 ሴንቲ ሜትር ጀምሮ ሊይዝ ይችላል፤ ያም ዙሙ ሰፊው ጫፍ ላይ ከሆነ ነው። ዙም አውጥታችሁ ሰነድ ወይም አበባ ተጠግታችሁ ካነሳችሁ አይሆንም። ዙሙን መልሱና እናንተ ቅረቡ።

እጅ ሲንቀጠቀጥ

ወረቀታችሁ ላይ የጻፋችሁትን የሹተር ፍጥነት አውጡ። 1/8 ወይም 1/15 ካለ እጅ ሊያቆመው አይችልም። ዙም ሳታወጡ ቢያንስ 1/30 ያስፈልጋል፤ 1/60 ይሻላል። ዙም 5 እጥፍ ስታወጡ ወደ 1/150፣ 10 እጥፍ ስታወጡ ወደ 1/300 መውጣት አለበት። የመንቀጥቀጥ መከላከያ ካለ ከዚህ ትንሽ ዝቅ ማለት ይቻላል። ዙም መንቀጥቀጡንም አብሮ ያጎላዋል፤ ምሽት ላይ ዙም አውጥቶ ማንሳት ብዙ ጊዜ የማይሳካው ለዚህ ነው።

1. ካሜራውን በሁለት እጅ ያዙ። ክርናችሁን ከጎድናችሁ ጋር አጣብቁ። እጅን ዘርግቶ በስክሪኑ ማየት ለመንቀጥቀጥ በር ይከፍታል።
2. ግድግዳ ወይም ምሰሶ ተደገፉ።
3. ትንፋሻችሁን ቀስ ብላችሁ አውጡና ማንሻውን ጨመቅ አድርጉት። አትምቱት።
4. ሦስት ፎቶ በተከታታይ አንሱ። የመጀመሪያው በጣታችሁ ግፊት ቢበላሽም ሁለተኛው ወይም ሦስተኛው ሊተርፍ ይችላል።
5. አሁንም ብዥ ካለ ካሜራውን የሆነ ነገር ላይ አስቀምጡና በ2 ሰከንድ ታይመር አንሱ።

ትራይፖድ (ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ) ላይ ስትሰኩት የመንቀጥቀጥ መከላከያውን አጥፉ። አንዳንድ ካሜራ ላይ ዝም ብሎ ቆሞ ሳለ መከላከያው ራሱ ብዥታ ያመጣል።

ሰውየው ሲንቀሳቀስ

መከላከያም ትራይፖድም ለዚህ አይረዱም። የሚረዳው ፈጣን ሹተር ብቻ ነው። ለሚራመድ ሰው 1/125 አካባቢ፣ ለሚሮጥ ልጅ 1/500 ሞክሩ። ፍጥነቱን ለማግኘት ወደ ብርሃን ውጡ፣ የስፖርት ሞድን ተጠቀሙ፣ ወይም አይኤስኦውን አንድ እርከን ከፍ አድርጉ።

ደረጃ 7፦ አሸዋ የመሰለውን ኖይዝ መቀነስ

የብዙ የኪስ ካሜራ ሴንሰር፣ ማለትም ብርሃኑን ተቀብሎ ፎቶ የሚያደርገው ክፍል፣ ስፋቱ 6.2 በ4.6 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ከትንሿ ጣታችሁ ጥፍር ያንሳል። የትልልቆቹ ካሜራዎች ሙሉ ፍሬም ሴንሰር 36 በ24 ሚሊ ሜትር ሲሆን በስፋት 30 እጥፍ ይበልጠዋል። ትንሹ ሴንሰር የሚሰበስበው ብርሃን ጥቂት ነው። አይኤስኦ ከፍ ስታደርጉ ካሜራው ያንን ጥቂት ብርሃን ያጎላዋል፤ ቆሻሻውም አብሮ ይጎላል።

1. ቀን ላይ አይኤስኦውን ከ80 እስከ 200 ያዙት።
2. ቤት ውስጥ 400 ድረስ ውጡ። ከ800 በላይ ሌላ አማራጭ ሲጠፋ ብቻ።
3. ካሜራው ኦቶ አይኤስኦ ላይ ጣሪያ ማበጀት የሚፈቅድ ከሆነ 400 ወይም 800 ላይ ገድቡት።
4. ብርሃን ጨምሩ። መጋረጃ ክፈቱ፣ ሰውየውን ወደ መስኮቱ አቅርቡ። ይህ ከየትኛውም ሴቲንግ ይበልጣል።

እዚህ ላይ ምርጫ አለ። አይኤስኦውን ስትቀንሱ ሹተሩ ይዘገያል፣ ብዥታ ይመጣል። ከሁለት አንዱን ምረጡ ከተባልኩ እኔ አሸዋውን እመርጣለሁ። አሸዋ ያለበት ፎቶ ላይ ሰውየው ይታወቃል፤ ብዥ ያለውን ግን ማንም አያድነውም።

ፍላሽን በልክ ተጠቀሙ። የኪስ ካሜራ ፍላሽ አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 4 ሜትር ነው የሚደርሰው። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን የሚደርሰው ብርሃን ወደ ሩብ ይወርዳል። ለትልቅ አዳራሽና ለመድረክ አጥፉት፤ የፊተኛውን ሰው ጭንቅላት ብቻ ነው የሚያበራው። ከ1 ሜትር በታች ደግሞ ፊትን ያነጣል፤ አንድ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሂዱና ትንሽ ዙም አውጡ። ጣታችሁ ፍላሹን አለመሸፈኑን እዩ። በትናንሽ ካሜራዎች ላይ ይህ ሳይታወቅ ይሆናል።

ደረጃ 8፦ ብርሃንና ቀለም

ፀሐይ ከሰውየው ኋላ ስትሆን ፊቱ ይጠቁራል። ቦታ ቀይሩ፤ ካልተቻለ በጠራራ ፀሐይም ቢሆን ፍላሹን በግድ አብሩት። ነጭ ልብስ ወይም ነጭ ግድግዳ ፍሬሙን ሲሞላው ካሜራው ብርሃን የበዛ መስሎት ያጨልመዋል፤ ማካካሻውን ወደ +0.7 ወይም +1 አድርጉ። ጥቁር ነገር ሲሞላው በተቃራኒው ወደ መቀነስ ሂዱ። ሲጨርሱ ወደ 0 መመለስ የግድ ነው።

የተቃጠለ ነጭ ቦታ ውስጥ ምንም መረጃ የለም፤ በኤዲቲንግ አይመለስም። የጨለመው ግን በመጠኑ ይድናል። ስትጠራጠሩ ወደ ጨለማው አድሉ።

ፎቶው ቢጫ ከሆነ ዋይት ባላንሱን የአምፖል ምልክት ላይ አድርጉ። አረንጓዴ ካዘለ የፍሎረሰንት ምልክቱን ሞክሩ። ውጭ ሆናችሁ ሁሉም ነገር ሰማያዊ ከሆነ፣ ትናንት ቤት ውስጥ የመረጣችሁት የአምፖል ምልክት አልተነሳም።

ደረጃ 9፦ ነጠብጣብ፣ መስመርና የተቆረጠ ፎቶ

ነጠብጣብ። ሁለት ፎቶ አወዳድሩ። በፍላሽ ያነሳችሁት ላይ ብቻ የሚታዩ፣ ቦታቸውን የሚቀያይሩ ክብ ብርሃናት ከሆኑ አየር ላይ ያለ አቧራ ወይም ጠብታ ነው፤ ፍላሹን አጥፉ። ጥቁር ጥላ የመሰለ ነጥብ በሁሉም ፎቶ አንድ ቦታ ላይ ከመጣ ደግሞ ሰማዩን ወይም ነጭ ግድግዳ ዙም አውጥታችሁ አንሱ። ሌንሱን አጽድታችሁም እዚያው ካለ አቧራው ውስጥ ሴንሰሩ ላይ ነው። ይህ ጥገና ይፈልጋል። እስከዚያው በኤዲቲንግ ማጥፋት ይቻላል። ሁልጊዜ አንድ ቦታ የምትታይ ቀይ ወይም ነጭ ደቃቅ ነጥብ የተበላሸች አንዲት ፒክስል ናት፤ ጉዳት የላትም።

መስመር። በመብራት ሥር የሚመጡ አግድም የብርሃንና የጥላ ቅጥልጥሎች ከአምፖሉ ናቸው። በ50 ኸርዝ ኤሌክትሪክ ብዙ አምፖል በሰከንድ 100 ጊዜ ይደምቃል፣ ይደበዝዛል። ሹተሩን 1/50 ወይም 1/100 ማድረግ ከቻላችሁ ይጠፋሉ፤ በ60 ኸርዝ ደግሞ 1/60 ወይም 1/120። ሲሲዲ የሚባል የድሮ ዓይነት ሴንሰር ያለው አሮጌ ካሜራ ወደ ኃይለኛ መብራት ሲዞር ስክሪኑ ላይ ሐምራዊ ቀጥ ያለ መስመር ቢያሳይ የሴንሰሩ ባሕርይ ነው። ግን ሁሉም ፎቶ ሐምራዊ ሆኖ ከተጠማዘዘ፣ ወይም ጥቁር ሆኖ ሜኑው ብቻ ከታየ፣ ሴንሰሩ ሳይሞት አይቀርም።

ግማሹ ግራጫ የሆነ ፎቶ። ይህ የሌንስ ጉዳይ አይደለም። ካርዱ ነው፣ ወይም ካርዱ እየጻፈ ሳለ ባትሪው ተነቅሏል። በሌላ ካርድ ሃያ ፎቶ አንሱ። ሁሉም ደህና ከወጣ አሮጌውን ካርድ አትጠቀሙበት። የጠፋ ፎቶ ማዳን ከፈለጋችሁ ደግሞ ምንም ሌላ ፎቶ አታንሱበት፤ አዲሱ አሮጌው ላይ ይጻፋል።

ደረጃ 10፦ ወደ ጥገና መቼ ይሂድ?

እነዚህ ከታዩ ከዚህ በላይ አትድከሙ፦ በፈተናው አንድ ጎን ብዥ ያለ ፎቶ፣ ፎከስ ጭራሽ አለመያዝ፣ ሌንሱ ሲወጣ መንቋቋት፣ ሌንስ ውስጥ ሻጋታ፣ ሴንሰር ላይ አቧራ፣ ሐምራዊ የተጠማዘዘ ፎቶ።

ከባድ ማስጠንቀቂያ፦ ካሜራውን ራሳችሁ አትክፈቱ። ፍላሹ ባትሪው ተነቅሎም 300 ቮልት አካባቢ የሚይዝ ካፓሲተር አለው። ኃይለኛ ንዝረት ያደርሳል፣ ያቃጥላልም። ቪዲዮ አይቶ ብሎን መፍታት ቀላል ይመስላል፤ ያንን ካፓሲተር ግን ከውጭ አታዩትም።

ለባለሙያው ስትሰጡት «ተበላሽቷል» ብላችሁ አትስጡት። የደረጃ 5 ስድስት ፎቶዎች ያሉበትን ካርድ አብራችሁ ስጡ። ምን እንደሞከራችሁና ካሜራው ወድቆ ወይም ውሃ ነክቶት ከሆነ ሳትደብቁ ንገሩት። ሥራ ከመጀመሩ በፊት ዋጋውን ጠይቁና ከሌላ ተመሳሳይ ካሜራ ዋጋ ጋር አስተያዩ። ሌንሱና ሴንሰሩ አንድ ላይ ይቀየር ከተባለ አብዛኛውን ጊዜ አያዋጣም። ካሜራው ሲመለስላችሁ ከመቀበላችሁ በፊት ያንኑ የጋዜጣ ፈተና እዚያው ድገሙት፤ ሰፊውንም ዙሙንም።